ቅዳሜ ኦፍ ነሽ?

በእኛ ወግ ሞት በስልክ አይነገርም። ወሬው አገር ምድሩን አዳርሶ ለባለቤቱ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ዘመድ ይመካከራል፣ አንደበቱ የሚያምር ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሐዘንተኛው ሥራ የማይገባበት ቀን ይፈለጋል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ይህ ወግ ቀድሞኝ ገብቶ አገኘሁት። አሜሪካ የጨመረችበት አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ በሺፍት ስለሚኖር፣ መርዶ ነጋሪው ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በሳምንቱ መሃል አንድ የተከበሩ ሰው ደውለው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "ልጄ፣ ቅዳሜ ኦፍ ነሽ?" ካሉ መርዶ መጣ ማለት ነው። እኔም ራሴ ነጠላዬን ካፖርት ውስጥ ደብቄ ቨርጂኒያ፣ እስከ በርክ ከተማ ድረስ ለሰው መርዶ ሄጃለሁ። ሴትየዋ በፒጃማዋ በሩን ከፍታ ስታየን ፊቷ እንዴት እንደተለዋወጠ እስካሁን አይጠፋኝም።

ታናሽ ወንድሜ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ጦርነቱ በሰሜን በኩል መንገዱን ሁሉ ቆርጦት፣ በአየር ካልሆነ በቀር ወደማይደረስበት አንድ የተከበበ ከተማ ይመላለሳል፤ ሲሄድ ዱቄትና ጥይት፣ ሲመለስ ቁስለኛ። ይህን እሱ በስልክ ነግሮኝ አያውቅም። መስመሩ ላይ ሌላ ጆሮ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበርና፣ በወር አንዴ ቴሌ ሄዶ ሲደውል የሚነግረኝ ስለ አየሩ ብቻ ነው። "እትዬ፣ አየሩ ጥሩ ነው" ይለኛል። ከዚያ መነጋገሪያውን ለእማዬ ይሰጣታል። እማዬ ደግሞ አስፋልቱ በሚቀልጥበት በሐምሌ ሙቀት "ብርድ እንዳይመታሽ" ትለኛለች። ስንት ጊዜ አስረዳኋት መሰላችሁ! በእሷ ቤት ሐምሌ ሐምሌ ነው፤ የትም ይሁን የት ይዘንባል።

የበረራውን ነገር በዝርዝር የነገረኝ ሎረል ከተማ፣ ነዳጅ ማደያ የሚሠራ መካኒክ ነው። ከወንድሜ ጋር አንድ የአውሮፕላን ጣቢያ ሠርቶ፣ በሱዳን በኩል ወጥቶ የመጣ ልጅ ነው። "ከተማው ድስት ውስጥ ያለ ማለት ነው" አለኝ። "ዙሪያውን ተራራ ነው፤ ሸንተረሩ ላይ ደግሞ መትረየስ ጠምደዋል። ዝም ብለሽ ዝቅ ካልሽ ይለቅሙሻል። ከላይ እንደ አሞራ እየዞርሽ እየዞርሽ፣ እዚያችው ድስቷ አፍ ውስጥ ነው የምትወርጂው። ክረምት ከሆነ ጉሙ የድስቷን አፍ ይከድነዋል። ያኔ በግምት ነው።" ምን በግምት ብዬ ስጠይቀው ነገሩ እንዳመለጠው ገባውና፣ "ወንድምሽ ጎበዝ ነው ባክሽ፣ ዶንት ወሪ" ብሎ ቤንዚን ሊቀዳ ሄደ። እኔን ዶንት ወሪ! ልቤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተሰቀለ ቀረ።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አስታምም ነበር። ጧት ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ተነስቼ፣ መሃል ከተማ ቀይሬ፣ ወንዙን ተሻግሬ እሳቸው ቤት እደርሳለሁ። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው፣ አፋቸው ግን ደህና የሚታዘዝላቸው ነጭናጫ ሰው ነበሩ። አንቱ የሚል ቋንቋ ባይኖራቸውም እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። በወጣትነታቸው፣ በትልቁ ጦርነት ጊዜ፣ ከህንድ ተነስተው በሂማልያ ላይ ወደ ቻይና ቤንዚን በበርሜል ያመላልሱ ነበር። ይህን ያወቅሁት በገበያ ነው። ከሱፐርማርኬት ስንመለስ ፌስታሎቹን እንዳመጣልኝ መኪናው ውስጥ ስወረውር ጮኹብኝ። ድንቹ መሃል፣ ወተቱ ከግራና ቀኝ እኩል፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ ተጠጋግቶ ይታሰር አሉ። አንድ ደርዘን እንቁላል እንኳ ያለ ሚዛን አይጫንም። እኔም አፌ አያርፍምና፣ "ወደ ቤት ነው የምንሄደው ወይስ ወደ ጨረቃ?" አልኳቸው። "ሰው የሚገድለው ተራራው ብቻ አይደለም፤ የተንሸራተተ ጭነትም ነው" ብለው ቆጣ አሉ። ያን ጊዜ ነው የወንድሜን ነገር የነገርኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኑ። ካርታ አምጪ፣ ተራራው የቱ ነው፣ ከፍታው ስንት ነው፣ ዝናቡ በየትኛው ወር ይበረታል? ሰሜን ተራሮችን ካርታው ላይ በጣታቸው ፈልገው አገኟቸው። ከዚያ ስለራሳቸው አወሩኝ። ክንፍ ላይ በረዶ ሲጋገር አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚከብድ፣ ነፋሱ ሳይታወቅ ከመንገድ ገፍቶ እንዴት ሸለቆ ውስጥ እንደሚከት፣ ደመና ነው ብለህ የገባህበት ነገር ድንገት እንዴት ጥቁር ድንጋይ ሆኖ እንደሚወጣ። ቤታቸው ወንዙ አጠገብ ስለሆነ አውሮፕላኖች ለማረፍ በላያችን ዝቅ እያሉ ያልፋሉ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ብቻ ሰምተው፣ "ይሄ ወርዷል" ይላሉ። በየሳምንቱ ደግሞ፣ ቡናቸውን ሳቀርብላቸው፣ "ልጁ ወርዷል?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔም "ወርዷል" እላለሁ። ካልደወለ አላውቅም፤ ግን ወርዷል እላለሁ።

ያ ክረምት መጣ፤ የእኛ ክረምት፣ የእነሱ ሙቀት። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሾርባቸውን እያበረድኩ ሳለ፣ ቴሌቪዥኑ የኢትዮጵያን ስም ጠራ። አንድ የጭነት አውሮፕላን በሰሜን ተራሮች ላይ ጠፍቷል፤ ጉም ነበር፤ የተረፈ ሰው አልተገኘም። ከዚያ በላይ አላሉም፤ ወዲያው ወደ ቤዝቦል ዞሩ። ሽማግሌው ተንጠራርተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ሾርባው እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አልታወቀኝም። "እዚያ ብዙ አውሮፕላን ነው ያለው" አሉኝ። ዓይኔን ግን አላዩትም።

ያን ቀን ማታ አዲስ አበባ ደወልኩ። እማዬ ቤት ስልክ ስለሌለ የምንደውለው ጎረቤት ጋ ነው። ስንት ጊዜ ተሞክሮ ተሞክሮ ገባልኝ። ጎረቤታችን ድምፄን ስትሰማ፣ ገና ሳልጠይቃት "ሁላችንም ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን" አለች። እማዬን አቅርቡልኝ ስላት፣ "ጠበል ሄደዋል" አለችኝ። እማዬ ጠበል የምትሄደው በጳጉሜ ነው፤ ያውም እዚያው ቅርብ። የት ጠበል ስላት "ሩቅ" አለች። "ወንድሜስ?" ስል መስመሩ ተቋረጠ። ራሱ ይቋረጥ እሷ ትዝጋው አላውቅም። በቃ፣ ልጇ ሞቶ እናቴን ከሰው አሽሽተዋታል አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

በዚያው ሳምንት ጋሼ ደወሉ። ጋሼ የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ሮክቪል ይኖራሉ፤ በዚህ አካባቢ ለእርቅም ለመርዶም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ወገባቸው አወሩ። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ።

"ልጄ፣ ቅዳሜ ኦፍ ነሽ?"

"እሠራለሁ ጋሼ። ደብል ሺፍት ነኝ።"

"እሑድስ?"

"እሑድም።"

"ኧረ በእግዚአብሔር! እንዴት ያለ ቦስ ነው? አንድ ቀን እንኳ ብሬክ አይሰጥሽም?"

ሽማግሌዬን አላግባብ አሰደብኳቸው። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ግን በዚያች ደቂቃ ወሰንኩ። ቤት ካልተገኘሁ መርዶ ሊነግሩኝ አይችሉም። ካልነገሩኝ ደግሞ ወንድሜ አልሞተም፤ እዚያው ከጉሙ በላይ እየዞረ ነው። እብደት ነው በሉት። እኔ ግን እንዲያ ሆኜ ነው የቆየሁት። ቅዳሜ ሲመጣ ገና ጨለማው ሳይገፍ ተነስቼ የመጀመሪያውን ባቡር ይዤ አሌክሳንድሪያ እገባለሁ። ሽማግሌው በራቸው ላይ ሲያዩኝ ዛሬ እኮ ቀንሽ አይደለም አላሉኝም። የታጠበውን ሰሃን ደግሜ አጥባለሁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበረብኝ። ደባሌ ጴንጤ ናት። እኔ ጾሜን ይዤ፣ እሷ መዝሙሯን ይዛ፣ አንዷ በሌላዋ ነገር እየቀለደች በሰላም እንኖር ነበር። እሷ ግን የማታደርገው አንድ ነገር አለ፤ አትዋሽም። አበዳሪ ቢደውል እንኳ "የለችም በዪው" ስላት "አለች፣ ግን ማናገር አትፈልግም" የምትል ጉድ ናት። ያ ዜና ከተሰማ ወዲህ ደባሌ ከእኔ መሸሽ ጀመረች። እኔ ወደ ማዕድ ቤት ስገባ እሷ ትወጣለች። በየምሽቱ ጸሎት አለኝ ትላለች። መብላት የተውኩ ሲመስላት ምግብ ሠርታ ምድጃው ላይ ትታልኝ ትሄዳለች፤ ያውም የጾም። ጋሼና ሰዎቻቸው ነግረዋታል፣ አደራ ብለዋታል፣ ብጠይቃት ደግሞ መዋሸት አትችልም። ስለዚህ ትሸሻለች።

አንድ ምሽት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተገጣጠምን። ማምለጫ አልነበራትም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቆመች። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚቀረኝ፤ "ወንድሜ ሞቷል ወይ?" ማለት። እውነቱ እዚያው ፎጣ ይዛ ቆማለች። ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። "ሻምፑ አልቋል" አልኳት። "ነገ እገዛለሁ" አለችና ሮጣ ክፍሏ ገባች። በግድግዳው በኩል ጌታዬ ጌታዬ ስትል ሰማኋት። እኔም አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ተራራውን አየሁት። መካኒኩ ከነገረኝና ሽማግሌው ከነገሩኝ ለቅሜ የራሴን በረራ ሠርቼ ነበር። ዱቄቱ ሲንሸራተት፣ ጉሙ ሲከፈት፣ ጥቁሩ ድንጋይ ሲወጣ። እዚያ ላይ ስደርስ እነቃለሁ፤ እንቅልፍ ግን አልነበረም።

እንዲህ ስሸሽ ወሩ ተጋመሰ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልወጣ ቦርሳዬን ስይዝ ሽማግሌው ጠሩኝ። አንዲት ልጅ ደውላላቸው ነበር። ደባሌ ናት፤ ጋሼ ልከዋት ይሆናል። "ነገ እንዳትመጪ" አሉኝ። እሠራለሁ፣ ብር አልፈልግም፣ መስኮቶቹን አጥባለሁ አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። "ሁለት የምወዳቸው ልጆች ጉም ላይ ሲዞሩ በሬዲዮ ሰምቻቸዋለሁ" አሉ። "ነዳጅ እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚዞረው። ከዚያ ግድ ይወረዳል። ሂጂ ቤትሽ።" እጄን ያዙኝ፤ ከዚያ በፊት እጄን ይዘውት አያውቁም። ባቡሩ ውስጥ ሰው እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጥቁር ልብሴን ለብሼ ሳሎን ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። የመኪና በር በቀስታ ሲዘጋ ሰማሁ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በመስኮት ሳይ መኪና ማቆሚያው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ከኋላቸው የሎረሉ መካኒክ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እሱን ሳየው ቁርጡን አወቅሁት። ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩላቸው። ሴቶቹ ጥቁር ለብሼ ሲያዩኝ ደነገጡና ደባሌን ገላመጧት። "ነግረሻታል እንዴ?" አለች አንዷ። "እኔ ምንም አልተናገርኩም!" አለች ደባሌ፤ እውነቷን ነው።

ጋሼ አስቀመጡኝ። "ልጄ፣" አሉ፣ "ሁላችንም መንገደኞች ነን። የፈጠረ አምላክ በጊዜው..."

"ጋሼ፣ ይንገሩኝ። ወደቀ አይደል?"

ግራ ገባቸው። ወደ ሰዎቹ ዞሩ፣ ወደ እኔ ተመለሱ። "ምን ወደቀ? እናትሽ ናት፣ ልጄ። እናትሽ ዐርፋለች።"

ቤቱ በለቅሶ ተሞላ። እኔ አላለቀስኩም። የጋሼን ክንድ ጨምድጄ ይዤ፣ "እሱስ?" አልኳቸው።

"እሱ ማን?"

"ወንድሜ! ወንድሜስ?"

"እሱማ አለ! እሱ አይደል የቀበራት? እሱ አይደል ድምፄን ከሰማች ታውቅብኛለችና እናንተ ንገሩልኝ ብሎ የላከብን?"

"ተመስገን!" አልኩ። ያልኩት በሹክሹክታ አይደለም። ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ጎረቤት እስኪነቃ ነው የጮኽኩት። "ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!"

ለቅሶው ቀጥ አለ። እናቷ ሞታ ተመስገን አለች የሚለው ወሬ ከሮክቪል እስከ አሌክሳንድሪያ ስንት ዓመት እንደተወራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይወራ። ዛሬም ቢሆን እላለሁ።

የቀረውን የነገረኝ መካኒኩ ነው። እማዬ ያረፈችው በሌሊት ነበር፤ የደም ብዛቷ ተነስቶባት። ወንድሜ ግን ጣቢያው ውስጥ አድሮ ስለነበር አልሰማም። ጧት አውሮፕላኑ ተጭኖ፣ ሞተሩ ሊነሳ ሲል፣ አንድ ዘመድ ዘበኞቹን ለምኖ ገብቶ አለቃውን ነገረው። አለቃው መርዶውን አልነገረውም፤ ወጉን ያውቃልና "እናትህ ትንሽ አሟታል፣ ውረድ" ብቻ አለው። ሌላ አብራሪ ቦርሳውን ይዞ በእሱ ቦታ ተቀመጠ። ወንድሜ ለቀብር ሲሰለፍ ያ አውሮፕላን ጉሙ ውስጥ ገብቶ ተራራው ላይ ቀረ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ "ሳይደግስ አይጣላም" አሉ። ሴቶቹም አሜን አሉ።

እማዬ የመጣችብኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንዷ ሴት ትከሻዬ ላይ ጋቢ ጣል አድርጋ "ብርድ እንዳይመታሽ" አለችኝ። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ወደቅኩ። ያን ሁሉ ቀን ተራራ ለተራራ ስንከራተት፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም፣ እናቴን አንዴ እንኳ አላሰብኳትም። ሞት ጭነት ጭኖ የሚበር ሰው ብቻ የሚፈልግ መስሎኝ ነበር። ደባሌ ከእኔ ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፀጉሬን ስትዳብስ ዋለች። ብትጠይቂኝ እኮ አለ እልሽ ነበር አለችኝ፤ እንደማትዋሽ አውቃለሁ።

በማግስቱ ሽማግሌዬ ሙሉ ልብስ ለብሰው በታክሲ መጡ። ሰው ደግፎ ደረጃውን አወጣቸው። ፍራሽ ላይ የተቀመጠውን ሐዘንተኛ ሁሉ አልፈው እኔ ጋ ደረሱና፣ "ልጁ ወርዷል?" አሉኝ። "ወርዷል" አልኳቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቄ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ታሪኩን ሁሉ አዳመጡ። ሲያበቃ፣ "በልጁ ወንበር የተቀመጠው ማን ነበር?" ብለው ጠየቁ። ከእኛ መሃል ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። መካኒኩ ያውቀው ነበር፤ የሁለት ሴት ልጆች አባት ነው አለ። ሽማግሌው መሬቱን አዩ፤ ሴቶቹም አሜን ማለቱን ተዉት።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ወንድሜ ደወለ። የስልኩ ብር እኩሌታው በለቅሶ አለቀ። ከዚያ የሰውዬውን ልጆች ሊጠይቅ ሄዶ እንደነበር ነገረኝ። ትንሿ እግሩን ይዛ አልለቅም ብላዋለች። "በቃ ተወው" አልኩት። "ታመምኩ በል፣ ጆሮዬን አመመኝ በል፣ ውረድ ከዚያ ነገር። አንተን ደግሞ እኔ ልቅበር?" ጆሮ ይስማ አይስማ ግድ አልሰጠኝም። "አይቻልም እትዬ" አለኝ። "ከተማው ውስጥ ሰው አለ። ቁስለኛ አለ።" ከዚያ ልክ እንደ ልጅነታችን ተናደድኩበት፤ ጮኽኩበት።

"እማዬ እኮ ሁለት ጊዜ አትሞትልህም!"

 የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት።

"ነገ አየሩ ጥሩ ነው፣ እትዬ" አለኝ።